ያለ እንግዳ ራት

መጀመሪያ የተሰማው የማላመጥ ድምፅ ነው። ረጋ ያለ፣ እርጥብ፣ የማይቸኩል። በግራ መንጋጋ ሰባት፣ ፋታ፤ በቀኝ መንጋጋ ሰባት፣ ፋታ፤ ከዚያ ጉሮሮ ውስጥ የምትወርድ ምራቅ። ይርጋ ዓይኑን ሳይገልጥ ቆጠረ። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ ክፍሉ ጨለማ ነው። ከውጭ የሚሰማ ነገር የለም። በሰኔ ድሬዳዋ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትተኛለች፤ ውሻ እንኳን አይጮህባትም።

«አስኩ፣ ምን እየበላሽ ነው?»

«ምንም።»

እውነቷን ነበር። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ሚስቱ አስካለ ጀርባዋን ሰጥታው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አያት። አፏ ባዶ ነው። መንጋጋዋን እያፍታታች ነበር። ቀማሾች ሁሉ ከራት በፊት ያፍታታሉ፤ አለዚያ ማላመጣቸው ይዛነፍና እንግዶች ቅር ይላቸዋል። አስካለ ቀማሽ ከሆነች ሦስት ዓመት አልፏታል። ምላሷ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ልባስ ተለጥፏል። እሷ የምትበላውን፣ ተመሳሳይ ልባስ የለጠፉ እንግዶቿ ባሉበት ሆነው በየአፋቸው ይቀምሱታል። አብዛኞቹ ደጋ ላይ በሽማግሌ ማረፊያ ተኝተው በቱቦ የሚመገቡ ናቸው፤ የቀሩት ጨው፣ ቅባትና በርበሬ ሐኪም የከለከላቸው። በምትኩ ቀማሾቹን የቀጠረው ድርጅት ለቤተሰባቸው ብርድ ይሰጣል።

ብርዱ ከግድግዳው ነው የሚመጣው፣ ሌት ተቀን። ይርጋ ከዚያ በፊት በኖረበት የገንደ ቆሬ ቤት ግድግዳ ጀርባ ያቃጥል ነበር። እናቱ ዛሬም እዚያው እርጥብ አንሶላ ተከናንባ ትተኛለች። ልትጠይቃቸው ስትመጣ መጀመሪያ የምታደርገው ጉንጯን ግድግዳው ላይ መለጠፍ ነው።

«ዛሬ ለምን ታፍታቻለሽ ታዲያ?» አለ ይርጋ።

እጇን ከአገጯ አወረደች። «ልማድ ነዋ።»

ዛሬ እንግዳ የለም ተባብለዋል። የተጋቡበት ሦስተኛ ዓመት ነው። ሰኞ ጠዋት አስካለ ለሌላ አምስት ዓመት የቀማሽነት ውል ትፈርማለች፣ ወይም አትፈርምም። ባለፈው ሳምንት ይርጋ ተቆጣ፣ ለመነ፣ እንደገና ተቆጣ፣ በመጨረሻ አንድ ቃል አስገባት። አንድ ራት፣ ልባሷን አውልቃ፣ ከእሱ ጋር ብቻ ልትበላ። ከእሱ እጅ ልትጎርስ። «ከጣመኝ አልፈርምም» አለችው። «ካልጣመሽስ?» ሲላት ሳቀች።

ሌላ ሰው ቢሰማው «ጉርሻ ምን አላት?» ይላል። ይርጋ ግን ሚስቱን ለብቻዋ አጉርሷት አያውቅም። ልባሱ የተለጠፈላት ከሰርጋቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ የሰርጉን ጉርሻ እንኳን የማያውቃቸው ሰዎች አብረዋት ጎርሰውታል። ሊስማት ሲጠጋ ሌባ ጣቷን ብድግ ታደርጋለች። ያ ማለት እንግዳ አለ፣ ጠብቅ ማለት ነው። ሲመሽ ልባሱን አውልቃ ጨው ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፈው ደግሞ ምላሷ ያብጥና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ይርጋ በሥራው ላይ፣ ከፍ ያለ ምሰሶ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን የሚያጎርሳትን ጉርሻ ያልማል። ምን እንደሚሆን እንኳን ወስኗል፤ ትንሽ፣ የተጠቀለለች፣ ቅቤዋ የማይንጠባጠብ።

አስካለ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆይታ ወጣች።

«አወለቅሽው?»

«አዎ።»

የጨው ውሃው ጎድጓዳ ሳህን መስታወቱ ስር ተቀምጧል። ክዳኑ ተከድኗል። ከፍቶ ማየት ነውር መሰለው።

«እጅህን ታጠብክ?» አለችው።

«ልታጠብ ነው።»

«በሳሙና እንዳትታጠብ፣ እሺ? ሽታው ራት ያበላሻል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ የምትለው ነገር ነው። በውሃ ብቻ ተለቃለቀ። ይርጋ የጥላ ሸራ አሳሪ ነው። ንጋት ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ከከዚራ እስከ ለገሃሬ ያለውን መንገድ ከላይ ሸራ ያለብሱታል፤ ፀሐይ ስትወርድ ይጠቀልሉታል፤ ዛሬ ግን መጠቅለሉን ለእነሱ ትቷል። ገመዱ መዳፉ ውስጥ ጥቁር መስመር አውጥቷል። ላብ የደረቀበት ጨው በጥፍሮቹ ዙሪያ ነጭ ሆኖ ይታያል። ውሃ ብቻውን አያነሳውም።

አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ወጡ። የሕንፃው በር ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ላም ትንፋሽ ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። ከተማዋ ገና መንቃቷ ነው። ወንዱ በሽርጥ፣ ሴቱ በስስ ድሪያ ቀሚስ፣ ሁሉም የተኛበትን ምንጣፍ እየጎተተ መንገድ ዳር ወጥቷል። የሚቸኩል የለም። አስፋልቱ ለስልሶ ጫማ ይይዛል፣ ሲለቅ ጭቅ ይላል። ከዛፎቹ ስር ወንዶች በጀርባቸው ተንጋለው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ አፋቸው ባዶ ነው፣ ያላምጣሉ። ርካሹን ነው የሚቀምሱት፤ የሌላ ሰው የትናንት ራት፣ ስንት አፍ ዞሮ የደረሳቸው። የአንዱ ምራቅ በአገጩ ወርዶ የአንገቱ ጎድጓዳ ውስጥ ተጠራቅሟል። ሁለት ዝንቦች ዳሩ ላይ ቆመው ይጠጣሉ። ይርጋ ፊቱን አዞረ።

«ይርጋ! አቦ፣ ዛሬስ ምን ልታጎርሰን ነው?» አለ ከተንጋለሉት አንዱ። ከድር ነበር፣ አምና አብሮት ሸራ ያስር የነበረ። ሌሎቹ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሳቁ።

«ምን ማለቱ ነው?» አለ ይርጋ።

«ሙቀት የመታው ሰው ነው፣ ተወው።» አስካለ ክንዱን ይዛ እርምጃዋን አፈጠነች። በዚያ መንገድ ላይ የፈጠነ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ምግብ ቤቱ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ የወይን ሐረግ በተጠላለፈበት ግቢ ውስጥ ነው። ስምንት ጠረጴዛ አለው። አስተናጋጁ ጋሽ ናቲ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ነጭ ጋዎናቸው ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል።

«ኧረ ሙሽሮቹ!» አሉ። «ዛሬ ስንት እንግዳ ይዛችሁ መጣችሁ?»

«ማንም የለም ጋሽ ናቲ» አለች አስካለ። «ዛሬ ሁለታችን ብቻ ነን።»

ጋሽ ናቲ ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ ይርጋን አዩ። «ይሁን፣ ይሁን» አሉና የተወለወለውን ጠረጴዛ እንደገና ወለወሉት።

አስካለ ዱለት አዘዘች። ጋሽ ናቲ ማስታጠቢያውን ይዘው ዞሩ። አጠገባቸው የተቀመጡ ወጣቶች እጃቸው አረፋ በአረፋ ሆኖ ይሳሳቃሉ። ሽማግሌው ይርጋ ጋ ሲደርሱ ሳሙናውን ጋዎናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ሳሙናስ ጋሽ ናቲ?»

«አልቋል ልጄ።»

ኪሳቸው ላይ እርጥብ ክብ እየሰፋ ነበር። ይርጋ አየው። ሽማግሌ ሰው ውሸታም ማለት ስለማይቻል እጁን ለውሃው ዘረጋ።

ዱለቱ መጣ። ጨጓራው፣ ጉበቱ፣ ስብ አልባው ሥጋ አንድ ላይ ተከትፎ፣ ቅቤው በሳህኑ ዳር ቢጫ ቀለበት ሠርቶ። በዚያ ሙቀት አልቀዘቀዘም፤ ሳህኑ ላይ ሆኖ አሁንም የሚተነፍስ ይመስላል። ይርጋ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። እንጀራውን በጥንቃቄ ቆረሰ፣ ጠቀለለ። ትንሽ፣ ቅቤዋ የማይንጠባጠብ። በዓይነ ሕሊናው ስንቴ የሠራትን ጉርሻ ወደ አፏ አቀረበ።

«በሞቴ» አለ።

አስካለ አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች።

በግራ ሰባት። ፋታ። በቀኝ ሰባት። ፋታ። ዋጠች።

«አስኩ።»

«እም?»

«እየቆጠርሽ ነው እኮ የምታላምጪው።»

«አልኩህ እኮ፣ ልማድ ነው። ድገመኝ፣ አንዴ ብቻ አጉርሶ የሚተው አለ እንዴ?»

ሁለተኛውን ጠቀለለ። ይቺኛዋ ተለቀች። ሲያጎርሳት አውራ ጣቱ እስከ አንጓው ገባ። ያን ጊዜ ነካው። ምላስ ሻካራ ነው፤ ይሄ ግን ለስላሳ ነበር፣ ቀዝቃዛ፣ ከተቀቀለ እንቁላል ቅርፊት ስር እንደሚገኘው ቆዳ። ጣቱን ሊያወጣ ሲል ምላሷ ተከተለው። ጥፍሩ ስር ገባ፣ ዞረ፣ ሌላኛው ጎን ወጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳያስቀር። ጉርሻውን ገና አላላመጠችውም። መጀመሪያ ጣቱን ነበር የምትበላው።

ይርጋ እጁን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አደረገ። አስካለ ማላመጥ ጀመረች። በግራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ድምፁ ግን ከሁለት ቦታ ይመጣል።

ዞረ። ከጀርባው፣ ሐረጉ ስር፣ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለው ሳህን ባዶ ነው፣ ምግብ ነክቶትም አያውቅም። ዓይናቸው ተጨፍኗል። አፋቸው ከአስካለ አፍ ጋር እኩል ይሄዳል። በግራ ሰባት፣ ፋታ፤ በቀኝ ሰባት፣ ፋታ። አስካለ ስትውጥ የእሳቸውም ጉሮሮ ወጣ ገባ አለ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። እንባ ሞልቶታል።

ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና ወደ እነሱ ጠረጴዛ መጡ። የደጋ ሰው መሆናቸው በወፍራም ካፖርታቸው ያስታውቃል፤ በዚያ ሙቀት አላወለቁትም። ከካፖርቱ ስር ሆዳቸው አካባቢ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ይታያል።

«አንተ ነህ?» አሉት።

«ማን ነኝ እማማ?»

«ገመዱ ነሃ!» ሳቁ። «እኛ እንዲያ ነው የምንልህ። ቤቲ እባላለሁ። ሦስት ዓመት ከእጅህ ስበላ ኖሬ መልክህን አላውቅም፤ እንዲህ ወጣት ትሆናለህ ብዬም አላሰብኩ።»

ይርጋ አስካለን አያት። አስካለ ሳህኑን ታያለች።

«እማማ ቤቲ፣ ዛሬ እንኳን...» አለች፣ አልጨረሰችውም።

«ቆይ ልጄ፣ ልመርቀው ነው የመጣሁት።» አሮጊቷ ወንበር ሳቡ። «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ ጣቢያ ጭነት አሳሪ ነበር። ሲያጎርሰኝ ጣቱ ገመድና ጨው ይላል። እሱ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመቱ። አንድ ቀን የዚችን ልጅ ራት ስቀምስ፣ ያ ጣት መጣ! እሪ አልኩልህ። ነርሷ የሞትኩ መስሏት ሮጣ ገባች።» በመሀረብ አፋቸውን ጠረጉ። «ለማረፊያው ሁሉ ነገርኩ። በፊት መቶ አንሞላም ነበር፤ ዛሬ አራት ሺህ ነን።»

«ለዱለቱ ነዋ» አለ ይርጋ። «የምትቀምሱት ምግቡን ነው።»

«ዱለትማ የትም አለ ልጄ።»

ይርጋ ሲባል የኖረውን አንድ በአንድ አሰበ፤ በሳሙና አትታጠብ፣ ድገመኝ፣ ከሥራ ስትመጣ ወዲያው እንብላ። ጣቶቹን ጠረጴዛው ስር እርስ በርስ አሻሸ። አራት ሺህ ምላስ። ድድ ብቻ የቀረው አፍ፣ መድኃኒት የሚሸት አፍ፣ ከዛፉ ስር ዝንብ የሚያጠጣው አፍ፣ የከድር አፍ። ሦስት ዓመት በየማታው ሲጠቡት ኖረዋል፣ እሱም እጁን እየዘረጋ በሞቴ ይል ነበር።

«አንዴ በቀጥታ አጉርሰኝ» አሉ እማማ ቤቲ። «ዘጠኝ ሰዓት በባቡር ተጉዤ የመጣሁት ለዚህ ነው። መዋጥ ተከልክያለሁ፣ ግድ የለም፣ ከአፌ ብቻ ይድረስ።»

አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። የላይኛው ድድ ሐምራዊ ነው፣ ልባሳቸው ምላሳቸው ላይ ያብለጨልጫል፣ ከጉሮሯቸው የመድኃኒት ሽታ ይወጣል። ጋሽ ናቲ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ አሮጊት ትቶ መነሳት ይርጋ ያደገበት ነገር አይደለም። ጠቀለለ። አጎረሳቸው። ድዳቸው ጣቱ ላይ ተዘጋ፣ ለስላሳ፣ ጠንካራ፤ ምላሳቸው አውራ ጣቱን፣ ሌባ ጣቱን፣ የመሀል ጣቱን በየተራ ጠባ። ሲለቁት ቀጭን የምራቅ ክር ከጣቱ እስከ ከንፈራቸው ተዘርግቶ፣ ረዝሞ፣ ተበጠሰ።

ዱለቱን መሀረባቸው ላይ ተፉት። መሀረቡን አጠፉና ካፖርታቸው ኪስ አስገቡት። ትንሽ አሰቡ።

«አይ» አሉ። ቅር ብሏቸዋል። «እንደሱ አይደለም። ቀጥታው ይጎረብጣል። በልጅቷ አፍ ሲመጣ ነው ደህናው።» ይርጋን ጉንጩን መታ መታ አድርገውት ወደ ባዶ ሳህናቸው ተመለሱ።

ይርጋ ተነስቶ ወደ ቧንቧው ሄደ። ጋሽ ናቲ ተከተሉት።

«ሳሙናውን ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ የቤታችሁ ብርድ በዚህ ጣት የቆመ ነው። ለእናትህም አስብ።»

«ይስጡኝ አልኩ።»

ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። ቆየ። አጠበ፣ አለቀለቀ፣ እንደገና አጠበ፣ ጥፍሩን በጥፍሩ ፈለፈለ። ጥቁሩ መስመር ደበዘዘ። ጨው የነበረበት ቆዳ ቀላ። ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣት መሰሉ፤ የሐኪም፣ ወይም የሕፃን። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር፣ የተጠቀሙበት ውሃ ይመስል፣ እሱም ቀፈፈው።

ሲመለስ አስካለ ልባሱን አውልቃዋለች። የቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ ተኝቷል፤ ስስ፣ ግልጽ፣ ጠርዙ ቅቤ ነክቶት ወደ ውስጥ የተጠቀለለ። ሐረጉ ስር እማማ ቤቲ ማንኪያ እንደወደቀባቸው ሰው ዙሪያቸውን ያያሉ።

«ዋሸሁህ» አለች አስካለ። ምላሷ ስላበጠ ቃሉ ወፍሮ ወጣ።

«ዛሬን? ዛሬን ብቻ አስኩ?»

«ላልፈርም ነበር። ነገርኳቸው። ማልቀስ ጀመሩ፣ በስልክ፣ ሁሉም። አንድ የመጨረሻ ራት፣ ልንሰናበተው አሉ። እንግዳ እንዴት እንቢ ይባላል?»

«እኔስ?»

አፏን በመዳፏ ጠርጋ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «አሁን ማንም የለም» አለች። «እየው፣ እዚያ ነው ያለው። አጉርሰኝ።»

ይርጋ ቀዩን ንጹሕ እጁን አየ። እንጀራ ቆረሰ። ዱለቱ ለብ ብሎ ቅቤው ወደ ሳህኑ ስር ወርዷል፤ ዳር ላይ ያልደረቀውን ፈልጎ ጠቀለለ። ትንሽ፣ የማትንጠባጠብ። አጎረሳት። ጣቱ የነካው ሻካራ፣ ሙቅ ነገር ነበር። ምላሷን ከተጋቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነካው።

አስካለ አላመጠች። ቁጥር የለውም። በግራ ሁለት፣ በቀኝ አንድ፣ ቆመ፣ እንደገና በቀኝ። እንደ ሕፃን አፏ ትንሽ ተከፍቶ ይታያል። ቅንድቧ ተጠጋጋ። ሥጋውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዞረችው፣ የጠፋባት ነገር እንዳለ። ዋጠች።

«እ?» አለ ይርጋ። «ጣመሽ?»

እጁን ያዘች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አሸተተችው፤ ሳሙና ብቻ ነበር። ከዚያ እጁን መልሳ፣ እቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ፊቱን አየችው፤ ረጅም ጊዜ፣ ሳትቆጣ። ሻሿን ከወንበሩ መደገፊያ አነሳች። ተነሳች።

ልባሱ ስኒ ማስቀመጫው ላይ ቀረ።

በወጣቶቹ መካከል አለፈች። ጋሽ ናቲ መንገድ ለቀቁላት። ከሐረጉ በታች ጎንበስ አለችና ወጣች፤ ወደ ቤታቸው ሳይሆን በሌላኛው በኩል፣ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ። ነጠላ ጫማዋ ከለሰለሰው አስፋልት ሲላቀቅ ይሰማል። ጭቅ፣ ጭቅ፣ በግራ፣ በቀኝ። ይርጋ ሳያስበው ቆጠረ። እርምጃዋ ሰባት ላይ አልቆመም።